ኦክስጅን ሰጥተነው ያልተመለሰው ጨቅላ፦ ኢኮ በሌለበት ክፍል ምን ይደረግ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ፣ 3 ኪሎ የሚመዝን፣ 30 ሰዓት የሆነው ወንድ ልጅ ከንፈሩና ምላሱ ሰማያዊ ሆኗል። የቀኝ እጁ ሳቹሬሽን (ደሙ የተሸከመው የኦክስጅን መጠን) 70 በመቶ ነው፤ በሲፓፕ (በአፍንጫ ግፊት ያለው አየር በሚሰጥ መሣሪያ) መቶ በመቶ ኦክስጅን ብንሰጠውም 73 ላይ ቆመ። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል እንጂ አያቃስትም፣ ደረቱም አይሰረጎድም። በማዳመጫ የተለየ የልብ ድምፅ አልሰማንም። አንቲባዮቲክ ጀምረናል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚሠራ ባለሙያም የደም ጋዝ መመርመሪያም የለንም። ሁለት አምፑል ፕሮስታግላንዲን (ልብ አጠገብ ያለውን ዳክተስ የተባለ ቧንቧ ክፍት የሚያቆይ መድኃኒት) ተገኝቷል፤ ከመካከላችን ሰጥቶት የሚያውቅ ግን የለም። እንስጠው ወይስ ኢኮ እንዲታይ ዝም ብለን አዲስ አበባ እንላከው? ከሰጠንስ እንዴት?»

ስጡት፤ ኢኮ እስኪታይ አትጠብቁ። ኢኮ የበሽታውን ስም ይነግራችኋል። አሁን ግን መልስ የሚሻው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ልጅ እስካሁን የቆየው ዳክተሱ ስላልተዘጋ ነው ወይ? የነገራችሁኝ ሁሉ ወደ «አዎ» ያደላል። ሳያስፈልገው ጥቂት ሰዓት ፕሮስታግላንዲን የወሰደ ጨቅላ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው ትኩሳት ወይም ትንፋሽ ማቆም ነው፤ አጠገቡ ሰው ካለ ሁለቱም ይታከማሉ። አስፈልጎት ያላገኘው ልጅ ዳክተሱ ከተዘጋ በኋላ ግን በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠው አምቡ ባግም ሆነ አድሬናሊን አይመልሰውም።

ዳክተስ ልጁ በማሕፀን ሳለ ከሳንባው ደም ቧንቧ ወደ አኦርታ (ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚያወጣው ትልቁ ቧንቧ) ደም የሚያሻግር አጭር ቧንቧ ነው። በጤነኛ ልጅ ከተወለደ ከ10 እስከ 15 ሰዓት ባለው ጊዜ መጥበብ ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ በ72 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ የተዘጋ ወይም እጅግ የጠበበ ልጅ ለሳንባው ደም የሚያገኘው በዚህ ቧንቧ ነው። የግራ ልቡ ያላደገ ወይም አኦርታው የተቆረጠ ልጅ ደግሞ ለሰውነቱ ደም የሚያገኘው በዚሁ ነው። ሁለቱ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ቦታ የተቀያየሩበት ልጅም ቀዩና ጥቁሩ ደም እንዲቀላቀልለት ዳክተሱን ይፈልጋል። ለዚህ ነው ተወልዶ ደህና የነበረ ልጅ በሁለተኛው ቀን ድንገት የሚለወጠው።

የእናንተ ልጅ ጉዳይ ከሳንባ ይልቅ ልብ የሚመስለኝ በሦስት ምክንያት ነው። ሳቹሬሽኑ 70 እስኪወርድ ድረስ የታመመ ሳንባ ዝም አይልም፤ ያቃስታል፣ አፍንጫ ያርገበግባል፣ የጎድን አጥንት መሐል ይሰረጎዳል። ይህ ልጅ በጸጥታ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሁለተኛው፣ መቶ በመቶ ኦክስጅን አግኝቶ ለውጡ ሦስት ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው። የደም ጋዝ ቢኖራችሁ ከቀኝ እጅ የደም ቧንቧ ተቀድቶ፣ ከ10 ደቂቃ ኦክስጅን በኋላ የኦክስጅኑ ግፊት ከ100 በታች ከቀረ የልብ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ከ150 በላይ ከወጣ ሳንባ ነው ማለቱ ይቀላል። በፐልስ ኦክሲሜትር ብቻ ይህን ያህል መለየት አይቻልም፤ ከ70 ወደ 73 ግን ለመወሰን ይበቃል። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው፤ 30 ሰዓት ዳክተስ የሚጠብበት ጊዜ ነው። የተለየ የልብ ድምፅ አለመሰማቱ አያዘናጋችሁ። የደም ቧንቧ መቀያየርና ያላደገ የግራ ልብ ብዙ ጊዜ ምንም ድምፅ የላቸውም።

ያልነገራችሁኝ አንድ ቁጥር አለ፤ የእግሩ ሳቹሬሽን። ቀኝ እጅና አንዱን እግር ለኩ። እግሩ ከእጁ ካነሰ ወይ የሳንባ ደም ግፊት ከፍ ብሏል፣ ወይ የአኦርታ መንገድ ተዘግቶ የታችኛው አካል በዳክተስ ጥቁር ደም እያገኘ ነው። እግሩ ከእጁ ከበለጠ የደም ቧንቧ መቀያየር ከአኦርታ መጥበብ ወይም ከሳንባ ደም ግፊት ጋር ተደርቦ ይሆናል፤ ከዚህ ውጪ ይህ የሚታይበት ምክንያት ጥቂት ነው። የፎቶቴራፒ መብራት ወይም የመስኮት ፀሐይ ቁጥሩን ያዛባልና በመለኪያው ላይ ጨርቅ ደርቡበት። የምትሠሩት ደጋ ላይ መሆኑንም አስቡ። 95 በመቶ የሚባለው የማጣሪያ ወለል የተቀመጠው ለቆላና ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው፤ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ጤነኛ ልጅ ከዚያ ዝቅ ሊል ይችላል። የእጅና የእግር ልዩነት ግን በከፍታ አይሳበብም። 70ም አይሳበብም።

ቀጥሎ የብሽሽት የልብ ትርታ ዳብሱ፣ ጉበቱን ለኩ፣ የአራቱንም እጅና እግር የደም ግፊት ያዙ። የቀኝ እጁ የላይኛው ግፊት ከእግሩ በ20 ከበለጠ የአኦርታ መጥበብን ጠርጥሩ። እነዚህ ልጆች እንደ እናንተው ልጅ ሰማያዊ ሆነው አይመጡም። ብዙ ጊዜ ከአራተኛው ቀን እስከ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አመድ መስለው፣ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ፣ ጡት ትተው ይመጣሉ፤ «ሴፕሲስ» (የደም ኢንፌክሽን) ተብለው ፈሳሽ ላይ ፈሳሽ ይሰጣቸዋል። አንቲባዮቲኩን ግን በምንም ዓይነት አታቁሙ፤ ኢንፌክሽንና የልብ ችግር አብረው ይመጣሉ፣ ያለ ላቦራቶሪም አይለዩም።

ኤክስሬይ ካላችሁ አንዴ አንሡ፤ አንድ አደገኛ ነገር ለመለየት ይጠቅማል። ሳንባው ደም አጥቶ ከጠቆረ ፕሮስታግላንዲን በትክክል ቦታው ነው። ልቡ ትንሽ ሆኖ ሳንባው በሙሉ ነጭ ጉም ከመሰለ ግን ከሳንባ የሚመለሰው የደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ፕሮስታግላንዲን ወደ ሳንባ ደም ጨምሮ ሊያባብስ ይችላል፣ መፍትሔውም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው።

አሁን ኦክስጅኑን እናውርድ። ብዙ ክፍል ውስጥ የማየው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ፍሰቱን መጨመር እጅ የለመደው ነገር ነው፤ ኦክስጅን ግን ራሱ ዳክተስን ከሚያጠቡ ነገሮች አንዱ ነው፤ የሳንባን ደም ሥርም ያሰፋል። የግራ ልቡ ባላደገ ልጅ ላይ ያ ማለት ደሙ ሁሉ ወደ ሳንባ ሄዶ ሰውነቱ ደም ሲያጣ ሞኒተሩ ላይ የሚያምር 97 ማየት ማለት ነው። ከ10 ደቂቃው ሙከራ በኋላ ዓላማችሁ ከ75 እስከ 85 ነው። ብሌንደር (ኦክስጅንን ከአየር ጋር የሚደባልቅ መሣሪያ) ከሌላችሁና ሲፓፑ ንጹሕ ኦክስጅን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ደረቱ ስለማይሰረጎድ ሲፓፑን አውልቃችሁ በአፍንጫ በግማሽ ሊትር ያዙት። ፕሮስታግላንዲኑ ከሠራ በኋላ ያንንም መንቀል ይቻላል። ልዩነቱ የሳንባ ደም ግፊት በብርቱ ሲጠረጠር ነው፦ ሜኮኒየም (የመጀመሪያ ሰገራውን) ወደ ሳንባው የተነፈሰ፣ ታፍኖ የተወለደ፣ ሳቹሬሽኑ በደቂቃ ውስጥ 60 እና 90 የሚል ልጅ። ለእሱ ኦክስጅን መድኃኒቱ ነው።

መድኃኒቱን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት መስመር ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ለፕሮስታግላንዲን ብቻ፣ ሌላው ለቀረው ሁሉ። የእጅ ሥር ካልተገኘ የእትብት ደም ሥር ካቴተር ይሆናል፤ በ30 ሰዓት ዕድሜ አሁንም ይገባል። ግሉኮሱን ለኩ፣ ከ45 በታች ከሆነ 10 በመቶ ግሉኮስ 2 ሲሲ በኪሎ ስጡ፣ ለዚህ ልጅ 6 ሲሲ። ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ይሁን። አምቡ ባግና ልኩን የጠበቀ ማስክ አልጋው ላይ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ከሁሉ በፊት ግን መድኃኒቱ ሲጀመር ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከአልጋው የማይነቃነቅ ሰው መድቡ። ፋይል የሚሞላ ሰው አይቆጠርም፤ ዓይኑ የልጁ ደረት ላይ ያለ ሰው ነው የምለው።

አወሳሰኑ እንዲህ ነው። አምፑሉ 1 ሲሲ ሲሆን 500 ማይክሮግራም አለው፤ የተቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን አረጋግጡ። ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው ልክ በጣም ትንሽ ስለሆነ በቀጥታ ከአምፑሉ ለመቅዳት አትሞክሩ። በ10 ሲሲ ሲሪንጅ መጀመሪያ 9 ሲሲ ግሉኮስ ቅዱ፣ ከዚያ አምፑሉን በሙሉ ጨምሩበት፤ አሁን 1 ሲሲ ውስጥ 50 ማይክሮግራም አለ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፣ ያልተበጠበጠው መድኃኒት ከፕላስቲክ ጋር ሲነካካ ሊደፈርስ ይችላል። ቀጥሎ ክብደቱን በ30 አባዙ፤ 3 ኪሎ ሲባዛ በ30፣ 90 ማይክሮግራም። ይህ ከበጠበጣችሁት 1.8 ሲሲ ነው። በ50 ሲሲ ሲሪንጅ 48.2 ሲሲ ግሉኮስ ቀድታችሁ 1.8ቱን ጨምሩበት።

የዚህ አበጣበጥ ጥቅም ሒሳቡ በጭንቅላት መያዙ ነው፦ በሰዓት 1 ሲሲ ማለት 0.01 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ ነው። በሰዓት 5 ሲሲ 0.05፣ በሰዓት 10 ሲሲ 0.1። ክብደቱ ሲለወጥ የሚለወጠው ሲሪንጁ ውስጥ የሚገባው መጠን ብቻ ነው፤ የፓምፑ ቁጥር አይለወጥም። ሁለት ሰው ለየብቻው ይሥራው፣ ከዚያ ወረቀታችሁን አስተያዩ። 0.01ንና 0.1ን ማምታታት፣ ወይም ናኖግራም የጻፈውን ሐኪም ትእዛዝ እንደ ማይክሮግራም ማንበብ በድካም ሰዓት በቀላሉ ይደርሳል፤ 0.05 ማይክሮግራምና 50 ናኖግራም አንድ ናቸው።

ለእናንተ ልጅ በ0.05 ጀምሩ። አመድ መስሎ፣ ትርታው ጠፍቶ ቢሆን 0.1 እል ነበር፤ ዳክተሱ ክፍት መሆኑ በኢኮ ቢታይ ደግሞ 0.01 ይበቃ ነበር። ከ0.1 በላይ መውጣት የጎንዮሽ ጉዳት ከመጨመር በቀር ትርፍ የለውም።

ፓምፑን ከመጫናችሁ በፊት ማራዘሚያ ቱቦውን እስከ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) አፍ ድረስ በመድኃኒቱ ሙሉት። ቱቦው 1.5 ሲሲ የሚይዝ ከሆነና ባዶውን ወይም በሳላይን ተሞልቶ ከተገጠመ፣ በሰዓት 5 ሲሲ እየሄደ እንኳ የመጀመሪያዋ ጠብታ ልጁ ጋ የምትደርሰው ከ18 ደቂቃ በኋላ ነው፤ በሰዓት 1 ሲሲ ከሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ። «መድኃኒቱ አልሠራም» ከሚባለው ግማሹ ይህ ነው። በተቃራኒው ደግሞ በዚያው መስመር ሌላ መድኃኒት ሰጥቶ በሳላይን መግፋት ቱቦው ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንዴ ያስገባል፣ ልጁም ወዲያው ትንፋሹን ያቆማል። መስመሩ ላይ በትልቁ ጻፉበት፦ «ፕሮስታግላንዲን፤ አትግፉ፣ አትንቀሉ»። መድኃኒቱ ሳንባ ውስጥ አንድ ጊዜ ሲያልፍ እስከ 80 በመቶው ስለሚፈርስ ካኑላው ቢያመልጥ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚጠፋው። ሁለተኛው መስመር የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ሲሪንጅ ፓምፕ ከሌለ ወይም ከተበላሸ፣ 60 ጠብታው 1 ሲሲ በሆነው ማይክሮድሪፕ በሰዓት 5 ሲሲ ማለት በደቂቃ 5 ጠብታ ነው፤ ፓምፑ እስኪመጣ ያደርሳል። በደቂቃ አንድ ጠብታ ግን እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ፈሳሹን አብራችሁ ቁጠሩ። ለዚህ ልጅ በቀን 80 ሲሲ በኪሎ ብትሉ በሰዓት 10 ሲሲ ነው፤ ከዚህ አምስቱን ፕሮስታግላንዲኑ ከወሰደ ሌላው ድሪፕ ወደ 5 መውረድ አለበት። መድኃኒቱን በኖርማል ሳላይን ከበጠበጣችሁት የልጁን ስኳር ሳታስቡት በግማሽ ቆረጣችሁት ማለት ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚያንቀጠቅጠው ልብ ሳይሆን ግሉኮስ ማነስ ይሆናል። ስለዚህ በ5 ወይም በ10 በመቶ ግሉኮስ መበጥበጥ ይሻላል። ሲሪንጁ በየ24 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ከአምፑሉ የተረፈውም ከዚያ በኋላ ይጣላል። ሁለት አምፑል አለን ስትሉ በደንቡ ሁለት ቀን አለን ማለታችሁ ነው፤ የማስተላለፉን ስልክ ዛሬውኑ ጀምሩ።

ሳቹሬሽኑ ሰማያዊ በሆነ ልጅ ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መውጣት ይጀምራል። የአኦርታ መጥበብ ከሆነ ግን ትርታው የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ነው፣ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። 75 ካለፈና ሰውነቱ ከሞቀ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ አንድ ሲሲ እየቀነሳችሁ ወደ 0.01 ወይም 0.02 አውርዱት። ዳክተሱ አንዴ ከተከፈተ ክፍት ለማቆየት ትንሽ ይበቃል። «በ5 ሲሲ ደህና ነው፣ አትንኩት» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፣ ግን መንገድ ላይ ትንፋሽ የሚያሳጣው ያ ነው።

ትንፋሽ ማቆም ከአሥር ልጅ አንዱን ያህል ያገኛል፤ ከ2 ኪሎ በታች በሆኑት ይበዛል፣ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው የሚታየው። ሲመጣ እግሩን ኮርኩሩ፣ ካልመለሰ በአምቡ ባግ በክፍሉ አየር ስጡ፣ መድኃኒቱን በግማሽ ቀንሱ፤ አታቁሙት። ትንፋሽ የሚያነቃቃው ካፌይን ሲትሬት ካላችሁ 20 ሚሊግራም በኪሎ፣ ከሌለ አሚኖፊሊን 6 ሚሊግራም በኪሎ በዝግታ፣ ከዚያ 2 ሚሊግራም በኪሎ በየ8 ሰዓቱ። ቀድሞ መስጠትም ይቻላል፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ልጅ እኔ ቀድሜ መስጠቱን እመርጣለሁ። የልብ ምቱ ከ180 ካለፈ አሚኖፊሊኑን አትስጡ።

ሌላው ትኩሳት ነው፤ ከመቶ አሥራ አራት ያህሉ ያተኩሳሉ። እዚህ ላይ እጃችሁን ያዙ፦ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ዳክተስ የሚዘጉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ፓራሲታሞልም ያለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ ለዚሁ ሥራ ይውላል። በአንድ እጅ እየከፈታችሁ በሌላው አትዝጉት። የማሞቂያውን ሙቀት ቀንሱ፣ ብርድ ልብሱን አንሡ። ቆዳው መቅላቱ ምንም አይደለም። ግፊቱ ከወረደ 5 ሲሲ በኪሎ ኖርማል ሳላይን በዝግታ ስጡና ጉበቱን ደግማችሁ ዳብሱ፤ ጉበቱ ከጎድን አጥንቱ በታች እየተለቀ ከመጣ ፈሳሽ ይብቃ። ግፊት የሚያነሣው ዶፓሚን ካስፈለገ 30 ሚሊግራም በኪሎ በ50 ሲሲ ውስጥ ሲበጠበጥ በሰዓት 1 ሲሲ 10 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ ነው፤ በግማሽ ሲሲ ጀምሩ።

ሳቹሬሽኑ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምንም ካልተነቃነቀ መጀመሪያ መስመሩን መርምሩ፦ ካኑላው አብጧል? መስመሮቹን የሚያገናኘው ባለ ሦስት መንገድ መክፈቻ ተዘግቷል? ሒሳቡ ትክክል ነው? ሁሉ ልክ ከሆነ ወደ 0.1 አውጡት። አሁንም 60 አካባቢ ከቀረ፣ በተለይ ኤክስሬዩ ላይ ሳንባው ያልጠቆረ ከሆነ፣ ቧንቧዎቹ ተቀያይረው በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ቀዳዳ የጠበበ ሊሆን ይችላል። ያንን የሚፈታው ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የራሽኪንድ ዘዴ ነው፤ ጫፉ ላይ ፊኛ ባለው ካቴተር ቀዳዳውን ማስፋት። መድኃኒት ስለማይተካው መንገዱን የሚያስቸኩል ነገር ነው። የሚሰጠው ደም አዘጋጁ፤ ሰማያዊ ልጅ ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ) ከ40 በታች እንዲሆን አይፈለግም።

በተቃራኒው በሁለተኛው ቀን 93 ደርሶ ሁሉም ሰው ቢደሰት እናንተ ተጠራጠሩ። የታችኛው የደም ግፊት ወርዶ፣ ሽንቱ ከ1 ሲሲ በኪሎ በሰዓት አንሶ፣ ትንፋሹ 80 ከሆነ ደሙ ወደ ሳንባ እየፈሰሰ ነው። ኦክስጅኑን ንቀሉ፣ ፕሮስታግላንዲኑን ወደ 0.01 አውርዱ፣ መተንፈሻ ማሽን ላይ ከሆነ በፍጥነት አታናፍሱት። ሆድ መነፋትና ደም ያለው ሰገራ የሚመጡትም ያኔ ነው።

መድኃኒቱ ጨርሶ በማይገኝበት ቦታ የሚነሣውን ጥያቄ ስለማውቀው ልመልሰው፦ ማዋለጃ ክፍል ያለው ሚሶፕሮስቶልስ? ጥቂት ልጆች ላይ ተሞክሮ ተጽፏል፣ የተረጋገጠ ልክ ግን የለውም፤ 200 ማይክሮግራም ክኒን ሰባብሮ ለ3 ኪሎ ልጅ እኩል ማካፈልም አይሆንም። ያለ ሕፃናት ልብ ሐኪም የስልክ መመሪያ አትጀምሩት። በአፍ የሚወሰድ የዳይኖፕሮስቶን ክኒን ከተገኘ ግን የተሻለ ልምድ አለው፤ ከ20 እስከ 25 ማይክሮግራም በኪሎ በየሰዓቱ በአፍንጫ ቱቦ። ለምጥ ማስጀመሪያ የሚሆነው ጄል አይተካውም።

መንገዱን በተመለከተ፣ አምቡላንስ ከመነሣቱ በፊት ተቀባዩ ሐኪም በስም ይታወቅ፤ ሪፈር የሚያስተባብረው ሊያዞን ቢሮ «ይምጣ» ማለቱ አልጋና ፕሮስታግላንዲን አለ ማለት አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የልብ ቀዶ ሕክምና ይሠራል፤ ለአራስ ልጅ የሚደረገው ውስብስብ ቀዶ ሕክምና ግን አገር ውስጥ ውስን ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ፦ ኢኮ ዛሬ ይታያል? ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ቢሆን የት ነው የሚሠራው?

የመተንፈሻ ቱቦ አስገብተን እንላከው ወይ የሚለው ላይ አስተያየቴ ይህ ነው። 0.02 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ጥቂት ሰዓት ትንፋሽ ሳያቆም ከቆየ ሳያስገቡ መላክ ይሻላል። 0.05 ላይ ካልሆነ የማይቆም ከሆነ 3.5 ቱቦ፣ ከንፈር ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ታስሮ፣ ትንፋሽ መስጠት ከሚችል ሰው ጋር። አብራችሁ የምትልኩት አንድ አዲስ ነርስ ብቻ ከሆነ ቱቦ ያለው ልጅ ለስምንት ሰዓት መንገድ የበለጠ አደጋ ነው፤ ቱቦው ሸዋ ሮቢት ላይ ቢወጣ ማን ይመልሰዋል?

ሁለተኛ ሲሪንጅ ተበጥብጦ፣ ስም ተጽፎበት ይሂድ። የፓምፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ አምቡላንሱ ውስጥ መሰኪያው መሥራቱን ከመነሣታችሁ በፊት ሞክሩት። ኦክስጅን በግማሽ ሊትር ለስምንት ሰዓት 240 ሊትር ነው፤ ከዚያ ሁለት እጥፍ ያዙ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥታችሁ ጣርማ በርን ስትወጡ ባጭር መንገድ ከ3000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ፤ ሳቹሬሽኑ ጥቂት ነጥብ ይወርዳል። 76 የነበረው 71 ቢል ፓምፑን አትንኩት፣ ኦክስጅን ትንሽ ጨምሩና ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ መልሳችሁ ቀንሱ። ቀለሙ ከተለወጠና የልብ ምቱ ከወረደ ግን ቁሙና መስመሩን እዩ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ከላቦራቶሪው በፊት እነዚህ ይጻፉ፦ ፕሮስታግላንዲን የተጀመረበት ሰዓት፣ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የእጅና የእግር ሳቹሬሽን፣ አሁን ያለበት መጠን ከነአበጣበጡ፣ ትንፋሽ ያቆመባቸው ጊዜያት።

ጡት በተመለከተ፣ እስኪረጋጋ ባዶ ሆዱን ይቆይ። ሳቹሬሽኑና ግፊቱ ከረጉ ከእናቱ የታለበ ወተት በቱቦ ትንሽ ትንሽ መጀመር ይቻላል፤ ትርታቸው የጠፋ ልጆች ግን ቢያንስ አንድ ቀን ተረጋግተው ይቆዩ።

ለቤተሰቡ ስም ያልወጣለትን በሽታ ስም አታውጡለት። «ልቡ አፈጣጠሩ ላይ ችግር ያለበት ይመስለናል፤ የሚያቆየው መድኃኒት ጀምረናል፤ ምን እንደሆነ የሚታየው አዲስ አበባ ነው፣ ሊድንም ላይድንም ይችላል» በቂ ነው። እናትየው በእርግዝናዋ የበላችውን ወይም የሠራችውን ሥራ እየቆጠረች እንዳትቀመጥ በቀጥታ ንገሯት፤ ባትጠይቃችሁም። ክርስትና ሳይነሣ እንዳይሄድ የሚሉ ቤተሰቦች አሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለታመመ ልጅ አርባው ቀን አይጠበቅም፣ ስለዚህ አትከልክሉ። ማሞቂያው ሥር ይሁን፣ ውኃው ለብ ይበል፣ ወዲያው ይደረቅ፣ ጠበል በአፉ አይሰጠው፤ መስመሩን የሚይዝ አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም። እናትየው ወልዳ ሁለተኛ ቀኗ ቢሆንም አምቡላንሱ ውስጥ ቦታ ያዙላት፤ ደሟንና ግፊቷን አይታችሁ፣ ማለቢያ ኩባያ አስይዛችሁ። የቀዶ ሕክምና ፈቃድ የሚፈርም ሰው ወሎ ቀርቶ ልጅ ብቻውን አዲስ አበባ ሲደርስ የሚባክነው ጊዜ ከመንገዱ ይበልጣልና አባትየውም በዚያው ቀን ይነሣ።